ተጠባባቂው ሯጭ ስንት ያወጣል

ሮይስ ሊንድግሬንን ከተማው የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው። በረዶ መጣል ሲጀምር የካውንቲውን ትልቁን የበረዶ መጥረጊያ መኪና የሚነዳው እሱ ነው። ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት የአሜሪካ ፉትቦል ወራት ሲመጡ ደግሞ ስለ ተጠባባቂ ሯጮች የሚጠየቀው እሱ ነው።

ስለ ኮከቦቹማ ማንም ያወራል። የፖስተኛው የቨርን አማት እንኳ፣ ኳሱ ክብ ይሁን ሞላላ የማታውቀው ሴትዮ፣ የኮከቦቹን ስም አሳምራ ትጠራለች። የሮይስ ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ተራውን የሚጠብቀው ሁለተኛው ነው። ሮይስና ጓደኞቹ አሥር ሆነው ፋንታሲ የሚባል የግምት ውድድር ይጫወታሉ፤ እያንዳንዱ በነሐሴ ከእውነተኞቹ ተጫዋቾች የራሱን ቡድን ይመርጣል። እሑድ እሑድ እነዚያ ሯጮች ኳስ ይዘው የሮጡት እያንዳንዱ አሥር ያርድ ለመራጩ አንድ ነጥብ ያመጣለታል፤ የመጨረሻውን መስመር ካለፉ ስድስት ይጨመርለታል። ዋናው ሯጭ የተጎዳ ቀን ተጠባባቂው ወይ ወርቅ ነው ወይ ገለባ። የትኛው እንደሆነ ቀድሞ ያወቀ ሰው ዋንጫው የእሱ ነው፤ ሮይስም ብዙ ጊዜ ያውቃል።

«ስለ ሯጩ አትንገሩኝ» ይላል። «ከፊቱ ስላለው ሰውዬ ቁርጭምጭሚት ንገሩኝ።»

እሑድ እሑድ የሚሰበሰቡት የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ባለቤት በሆነው በላይል ጋራዥ ውስጥ ነው። ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ ማሞቂያ፣ የተጠበሰ አይብና የአጋዘን ቋሊማ አለ፤ ቢራ ደግሞ በየዓይነቱ። በዚያ የኅዳር እሑድ ቴሌቪዥኑ ላይ ኦልድሪጅ የሚባለው ዋና ሯጭ ሦስት ሰው ተከመረበትና ሳይነሳ ቀረ። ጋራዡ ውስጥ «ውይ» ያለ አንድ ሰው የለም። ዘጠኝ እጅ ዘጠኝ ኪስ ውስጥ ገባ። ሰውየው ገና ሣሩ ላይ ተጋድሞ እግሩን ይዟል፤ እነሱ የተጠባባቂውን የቲለሪን ስም ስልካቸው ላይ ይጽፋሉ። ክፉ ሰዎች ናቸው ማለቴ አይደለም። ቨርን ከደብዳቤው ጋር ለታመመ ሰው ሾርባ የሚያደርስ ፖስተኛ ነው። ግን ፋንታሲ የገባበት ሰው መጀመሪያ የሚታየው የወደቀው ሳይሆን የተከፈተው ቦታ ነው።

ሮይስ ብቻ ቢራውን እንደያዘ ተቀምጧል።

«አንተ፣ አትወስደውም እንዴ?» አለ ቨርን። «በዚህ ሳምንት ቀድሞ የመምረጥ ተራው ያንተ ነው እኮ!»

«የሁለት ሳምንት ነገር ነው።»

«ምኑ?»

«ቁርጭምጭሚቱ። ከታች ነው የዞረው። ከላይ ቢሆን ብዙ ሳምንት ይፈጃል፤ አሁን ሲያነሱትም እግሩን እንዲህ መሬት አያስነካም ነበር። አሰልጣኙ ደግሞ ለአዲስ ሰው ሙሉ ኳስ አይሰጥም፣ ለሁለት ይከፍለዋል። ቲለሪ የሁለት ሳምንት ዕቃ ነው። ውሰደው፣ ይመችህ።»

«እዩት እስቲ ይሄን ሰውዬ!» አለ ላይል። «ሐኪም ቤት ራጅ ክፍል ቢቀጥሩት ስንት መብራት ይቆጥቡ ነበር!»

ሳቁ። ሮይስም ፈገግ አለ። ፈገግ የሚባልበት ቦታ መሆኑን ያውቃል።

ሚስቱ ማርጊት ከሞተች ሃያ ወር ሆኗታል። በቀብሯ ማግስት በረዶ ጣለና ሮይስ ወጥቶ መንገድ ሲጠርግ ዋለ። አገሩ ሁሉ «ጠንካራ ነው» አለ። የምን ጠንካራ! ምንም አልተሰማውም፣ በቃ። ያለቅሳል ተብሎ ተጠበቀ፣ እሱም ራሱን ጠበቀ፣ ዕንባው አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ነገር ሁሉ በወፍራም ጓንት እንደሚዳስሱት ሆኖ ነው የሚደርሰው። ምግቡ ትኩስ መሆኑን ያውቃል፣ ጣዕሙን ግን ቢጠይቁት መልስ የለውም። ጥርት ብሎ የሚገባው ቁጥር ብቻ ሆነ። ስንት ጊዜ ሮጠ፣ ስንት ያርድ ሄደ፣ ስንት ደቂቃ ሜዳ ላይ ቆየ። ጨዋታውን ራሱን ማየት ትቷል ማለት ይቻላል፤ ጋራዡ ውስጥ እንኳ ዓይኑ ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ስልኩ ላይ ነው።

ልጃቸው ኔልስ ከከተማው ሦስት ሰዓት ተኩል በሚያስነዳ ትንሽ ኮሌጅ ይማራል። እሱም ተጠባባቂ ሯጭ ነው። ቀልድ ይመስላል፣ ግን እውነት ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ ማልያ ለብሶ ወንበር አሙቋል። በስልክ ስታወራው የኖረችው እናቱ ነበረች። ሮይስ ከጀርባዋ ሆኖ «ሰላም በይልኝ» ይል ነበር። አሁን ስልኩን የሚያነሳው እሱ ሆነና፣ አባትና ልጅ በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ ያህል ይቸገራሉ።

ያን እሑድ ኔልስ ከእራት በፊት ደወለ። ድምፁ እንደወትሮው አልነበረም።

«አባዬ፣ ቅዳሜ የምጀምረው እኔ ነኝ!»

«ዋናው ምን ሆነ?»

አዎ፣ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር።

«ብሪግስ? ትናንት ቁርጭምጭሚቱ ዞረበት።»

«ከላይ ነው ከታች?»

«እ?»

«እብጠቱ። ከአጥንቱ በላይ ነው በታች?»

«በታች መሰለኝ። አባዬ፣ ቅዳሜ እኮ...»

«በክራንች ነው የሚሄደው?»

«አይ፣ ያነክሳል።»

«እንግዲያው ሐሙስ ይለማመዳል፣ ቅዳሜ ይገባል። አሰልጣኛችሁ ልምድ ያለውን ነው የሚወደው። አንተ አምስት ስድስት ኳስ ብታገኝ ነው። ከዚያ ወደ ወንበርህ። ያንተ ነገር የአንድ ሳምንት ነው፣ እሱም ከተሳካ። ብዙ ተስፋ አታድርግበት።»

እዚህ ላይ ሰውየውን ትከሻውን ይዤ ብነቀንቀው ደስ ባለኝ። እሱ ግን ለልጁ መልካም የዋለለት መስሎታል። ሰው እየለመነ የሚጠይቀውን ግምት ሳይጠየቅ ሰጠው።

«ስንት አወጣለሁ ብዬ አልጠየቅኩህም» አለ ኔልስ ቀስ ብሎ። «ትመጣለህ ወይ ልልህ ነው የደወልኩት።»

«ሐሙስ ብሪግስ ይለማመድ አይለማመድ ንገረኝና እናያለን።»

«እሺ። ሌላም ነገር ነበረ... ይቅር፣ ተወው። እሺ አባዬ።»

ረቡዕ ሮይስ የመጥረጊያውን ምላጭ የሚያስር ብሎን ለመግዛት ላይል ሱቅ ገባ።

«ኔልስ ይጀምራል አሉ!» አለው ላይል ገና ከበሩ።

«ላይጀምርም ይችላል።»

«እና አትሄድም?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል ነድቼ ወንበር ላይ ተቀምጦ ልየው?»

«ታዲያ ወንበር ላይ ተቀምጦ እየዋ! ምን ይጎድልብሃል? ልጅህ አይደለም እንዴ? እኔ ለገዛ ልጄ የክላሪኔት ኮንሰርት አራት ጊዜ ሄጃለሁ፣ አራት ጊዜ! ያውም ጆሮዬ እያለ!»

ሮይስ ብሎኑን አንስቶ ወጣ። ላይል ከኋላው ራሱን ነቀነቀ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከኔልስ አጭር መልእክት ደረሰው፤ «ብሪግስ ተለማምዷል» ይላል። ሮይስ «እንዳልኩት» ብሎ መለሰለት። ነገሩ ለእሱ እዚያ ላይ አለቀ። ቲለሪን እንደተወው ልጁንም ተወው። ቅዳሜ ሥራ አልነበረውም። በረዶም አልጣለም፣ መኪናውም ነዳጅ ሞልቷል። ይህን የምነግራችሁ ሰበብ ስትፈልጉለት እንዳትደክሙ ነው።

ቅዳሜ ወደ ካውንቲው ግቢ ሄዶ ብቻውን የመጥረጊያውን ምላጭ ሲቀይር አረፈደ። ጨዋታው ሰባት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሰባት ተኩል ሲሆን እጁን በጨርቅ ጠርጎ ስልኩ ላይ የኮሌጁን ድረ ገጽ ከፈተ። ይህ ቡድን ቴሌቪዥን ላይ የለም፣ ያለው የሚቀያየር ቁጥር ብቻ ነው።

ብሪግስ፣ ሁለት ሩጫ፣ አንድ ያርድ። ሊንድግሬን፣ አራት ሩጫ፣ አሥራ ዘጠኝ ያርድ።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አየ። ብሪግስ ያው ሁለት ነው። ሊንድግሬን፣ አሥራ አንድ ሩጫ፣ ሃምሳ ስምንት።

«ከላይ ነበር» አለ ሮይስ ጮክ ብሎ፣ ግቢው ውስጥ ማንም ሳይኖር።

መፍቻውን ጥሎ ወደ መኪናው ሮጠ። ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ አሰበ፤ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ለጨዋታው የቀረው አንድ ሰዓት ተኩል። ኮሌጁ በር ላይ ሲደርስ ሜዳው ባዶ ሆኖ፣ ሰው ሁሉ ሄዶ ታየው። ሞተሩን አጠፋ። መሪውን እንደያዘ ተቀምጦ ቁጥሩ ሲቀያየር ተመለከተ። አሥራ ስድስት፣ ሰማንያ አራት። ሃያ አንድ፣ መቶ ስምንት። መጨረሻ ላይ ቆመ። ሊንድግሬን፣ ሃያ ስድስት ሩጫ፣ መቶ አርባ ያርድ፣ አንድ ጊዜ መስመር አልፏል።

ሃያ ነጥብ፣ አለ ጭንቅላቱ።

ሳያዘው ነው ያሰላው። አፈረ። አንገቱ ድረስ ነደደው። ከሃያ ወር በኋላ የተሰማው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ሐፍረት ሆነ፤ በዚያች ሰዓት እሱን እንኳ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። ልጁ መቶ አርባ ያርድ መሮጡን ያውቃል። መስመሩን ሲያልፍ ምን እንዳደረገ፣ ኳሱን ወረወረው ወይስ አቀፈው፣ ማን መጥቶ ራሱ ላይ እንደዘለለበት አያውቅም። የማልያውን ቁጥር ለማስታወስ ሞከረና ሁለት ቁጥር መጣበት። የትኛው የኔልስ እንደሆነ መለየት አልቻለም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ደወለ። ኔልስ ቶሎ አላነሳም። ሲያነሳው ከጀርባው የቡድኑ ልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«መቶ አርባ!» አለ ሮይስ።

«አየኸው?»

«ገጹ ላይ... አዎ።»

«ጥሩ ነበር» አለ ኔልስ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖር ይሻለው ነበር።

«ተሳስቼ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ ከላይ ነው።»

«አዎ። ገና ሲጀመር ተሸክመው አወጡት። አለቀሰ፣ ያሳዝናል። እስከ መጨረሻው ከሜዳ በወጣሁ ቁጥር አጠገቡ እየሄድኩ ውኃ ሳጠጣው ነበር።»

ሮይስ፣ «እሑድ ዕለት ሌላ ነገር ነበረ ብለኸኝ ነበር» አለ።

«ተወው አሁን።»

«ንገረኝ ልጄ።»

«የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ቀን ነበር። ከጨዋታው በፊት ስማችን እየተጠራ፣ ከወላጆቻችን ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘን ወደ ሜዳ እንገባለን። ብትጫወትም ባትጫወትም ትገባለህ። እሱን ልነግርህ ነበር።»

«ከማን ጋር ገባህ?»

«ከአሰልጣኙ ሚስት ጋር። ብቻዬን ቆሜ ስታየኝ መጣች። አስተዋዋቂው ግን አላወቀም፣ ‹ኔልስ ሊንድግሬን ከእናቱ ጋር› አለ። ሰዉ አጨበጨበ። አላረምኩትም።»

ሮይስ ስልኩን ከአንዱ ጆሮው ወደ ሌላው አዛወረ።

«የሚቀጥለው ቅዳሜ እመጣለሁ» አለ። «በጠዋት ተነስቼ እመጣለሁ። በረዶም ቢጥል መጥረጊያውን ሌላ ሰው ይንዳው።»

«አባዬ» አለ ኔልስ፣ ለሕፃን እንደሚነግሩት ቀስ ብሎ። «የሚቀጥለው ቅዳሜ ጨዋታ የለም። የመጨረሻው የዛሬው ነበር።»