ሳይደርስ የገባ ስለት

እማዬ ዝቋላ ልውጣ ብላ የተነሳችው ጉልበቷ ጭራሽ እምቢ ከማለቱ በፊት ነው። ወንድሜ ከጦር ሜዳ በሰላም ከተመለሰ፣ ተራራውን በእግሯ ወጥታ ለአቦ የከፋይ ጥላ ልታስገባ ተስላ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላ ወሬው ከጠፋ ዓመት አልፎታል። ቤታችን ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም የማይርቅ ስለነበር፣ ወታደር የሚያመላልሰው አንቶኖቭ በጣሪያችን ላይ ባለፈ ቁጥር እማዬ የያዘችውን ነገር ቁጭ አድርጋ ድምፁ እስኪጠፋ ትጠብቃለች። 

መጋቢት ሲገባ ጥላውን ገዝታ መጣች።

«ስለት እኮ የሚገባው ሲደርስ ነው» አላት አባባ። «ልጁ የታለና?»

«የኔ ጉልበት እሱ እስኪመጣ አይጠብቅም። አሁን ካልወጣሁ መቼም አልወጣም። አንተ ካልፈለግህ ቅር።»

አባባ አልቀረም። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ስለ ኋላ ቀር እምነት ሲሰማ እየዋለ፣ ስለት ሊያስገባ ሄደ መባልን ይፈራል። ስለዚህ ለአለቃው «ቤተሰቤን ሐይቅ ላሳይ ነው» ብሎ ፈቃድ ወሰደ። ውሸትም አልነበረም፤ ዝቋላ አናት ላይ ሐይቅ አለ። ለተራራ ግን የቢሮ ጫማውን አድርጎ መጣ።

እስከ ደብረ ዘይት በአውቶቡስ፣ ከዚያ ከሌሎች ተሳላሚዎች ጋር በጭነት መኪና ተጭነን ተራራው ግርጌ ደረስን። የቀረው በእግር ነው። የታችኛው መንገድ ገላጣ ነው፤ አቧራውና ፀሐዩ አይጣል ነው። ከፍ ሲባል ግን ጥዱ ይጀምራል፤ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፤ ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ እየዘለሉ ቁልቁል ያዩናል። ዞር ስል የደብረ ዘይት ሐይቆች ከታች እዚህም እዚያም ታዩኝ። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል። ስለ ወንድሜ ላለማሰብ እንዲህ ያለ መንገድ ጥሩ ነው። እማዬ ጥላውን በነጠላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋ፣ ግራ እግሯን እየጎተተች ትወጣለች። ልያዝልሽ ብላት በጄ አላለችም። አባባ ሶሉ ባለቀ ጫማው በተንሸራተተ ቁጥር ጫማውን ትቶ መንገዱን ይረግማል።

አናቱ ላይ ሲደረስ መሬቱ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ይላል። ሐይቁ እዚያ ውስጥ ነው፤ ዙሪያውን በደን ስለተከበበ ከታች ላለ ሰው ጨርሶ አይታይም። ሰዉ ከዳር ሆኖ ይታጠባል፣ በጀሪካን ይቀዳል። እማዬ ጉልበቷን ብቻ አርሳ ቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደች።

ስለት የሚቀበሉት ቄስ አጠገብ ድምፅ ማጉያ የያዘ ዲያቆን ቆሟል። የገባውን ስለት እሱ ይናገራል፣ ሕዝቡ እልል ይላል። ተራዋ ሲደርስ ቄሱ «ምን ተደረገልሽ፣ ልጄ?» አሏት።

ያልደረሰ ስለት ምን ተብሎ እንደሚነገር አንዳችንም አላሰብንበትም ነበር። እማዬ ጥላውን ከነጠላው ፈታ አቀበለቻቸው።

«ልጄ ከጦር ሜዳ በሰላም ተመለሰልኝ፣ አባቴ» አለች።

አባባ አፉን ሊከፍት ሲል በደህነኛው እግሯ ያንን የቢሮ ጫማ ረገጠችው።

ዲያቆኑ ተናገረ፤ ሰዉ እልል አለ። ልጆቻቸው የዘመቱባቸው እናቶች ብዙ ነበሩ መሰለኝ፣ እልልታው አላባራ አለ። አንዷ እያለቀሰች አቀፈቻትና «የኔንም ያምጣልኝ» አለች። እማዬ «ያምጣልሽ» አለቻትና እሷም እልል አለች። እንዲያ አድርጋ እልል ስትል ሰምቻት አላውቅም። እኔ በጣም ተናደድኩ፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይዋሻል? ቀጥሎ ደግሞ ፈራሁ። ሞቶ ቢሆንስ? አባባ ኮፍያውን አውልቆ ያጨበጭብ ነበር።

ስንወርድ ጥዱ መሃል አረፍ አልን። «ለምን ዋሸሽ?» አልኳት።

«እኔ የበኩሌን ጨርሻለሁ» አለች ጉልበቷን እያሸች። «የቀረው የአቦ ነው።»

ወንድሜ የመጣው መንግሥት የተለወጠ ጊዜ ነው፤ ከተበተነው ጦር ጋር ከሰሜን በእግሩ። በር ላይ ሲቆም ለማኝ መስሎኝ ነበር። ወዲያው ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያችንን ሞላው፤ እልልታው ቀለጠ። አባባ ግድግዳውን ተደግፎ ያለቅሳል። እማዬ ብቻ ድምፅ ሳታሰማ በሳፋ ውሃ አምጥታ የልጇን እግር ታጥባለች።

«ምነው እልል አትዪም? ደስ አላለሽም እንዴ?» አለቻት አንዲት ጎረቤታችን።

«እኔማ ያኔ ብያለሁ» አለች እማዬ፣ ከሳፋው ቀና ሳትል። «የዘገየው እሱ ነው።»