ነጩ ጨርቅ

እሸቴ በድሮው ጦር አልሞ ተኳሽ ነበር። ጦሩ ሲበተን ድንበር ተሻግሮ ጅቡቲ ገባ። አሁን አርሂባ ሰፈር እየኖረ፣ ባሕሩ ዳር ባለ የዒላማ ተኩስ ክለብ ጠመንጃ ይወለውላል፤ ተተኮሰበትም አልተተኮሰበትም፣ በየቀኑ። መወልወያ ዘንጉን ከኋላ አስገብቶ ጨርቁን ወደ አፈሙዙ ጫፍ ይገፋል። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ይወጣል። እሱ ግን ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ያየውና «አሁንም አልለቀቀም» ይላል።

አንድ ቀን የክለቡ ኃላፊ ሙሐመድኑር መታገሥ አቃተው።

«ጋሼ እሸቴ፣ ስንት ጊዜ ልንገርዎ? ለባሕሩ ጨዋማ አየር ትንሽ ዘይት ይበቃዋል። እንዲህ ሲፈገፍጉት ውስጡ ያልቃል። ጠመንጃ በደንብ የሚወለወለው ዒላማ መሳት ሲጀምር ነው።»

«የእኔው የጦር ሜዳ ጠመንጃ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም» አለ እሸቴ፣ ሌላ ነጭ ጨርቅ እየቀደደ።