«በላ?» ትለኝ ነበር ከጄኔቫ

አዲስ አበባ ሳድግ እንሽላሊት ማለት በግንብ ስንጥቅ ውስጥ ሽው የሚል፣ ልጆች ድንጋይ የምንወረውርበት ነገር ነበር። የራሱ ቤት፣ የራሱ አምፖልና የራሱ የምግብ ሰዓት ያለው እንሽላሊት ያየሁት ዙሪክ ውስጥ፣ ያውም በገዛ ሳሎኔ ነው። የልጄ የክፍል ጓደኛ አባት አድሊስቪል ውስጥ ያረባቸው ነበር። አንድ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ሄድኩና፣ ከጣቴ ብዙም የማይበልጥ፣ አገጩ ሥር ጢም የሚመስል እሾህ የደረደረ ጫጩት በጫማ ካርቶን ይዘን በባቡር ተመለስን። ሰውየው በስዊስ ጀርመንኛ ረጅም ማብራሪያ ሰጠን፤ እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። በዚያ አገር ስኖር ያልገባኝን ነገር ሁሉ ያለፍኩት ራሴን በመነቅነቅ ነው።

እምቢ ማለት ይቻል ነበር። ሚስቴም «ይሄ ነገር ቤቴ አይገባም» ብላ ነበር። ነገር ግን ያን ሰሞን ልጄን እምቢ የምልበት ፊት አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ አዲስ አበባ ውስጥ የሞተችው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ቀርተውት ነበር፣ እኛ ግን መውደቁን በምን እናውቃለን? በስልክ ከአገር ቤት ጋር ስንነጋገር «ሁሉም ሰላም ነው» ከማለት ያለፈ ነገር አንናገርም፤ ማን እንደሚሰማ አይታወቅም። መርዶው የመጣልኝ ለስብሰባ ጄኔቫ በመጣ ሰው በኩል ነው። እዚያ የምትኖረው የሚስቴ እህት ሰበብ ፈጥራ አስጠራችኝ፤ በማለዳ የአገር ሰዎች ተሰብስበው ገቡና እንደ ወጉ ነገሩኝ። ለቅሶውንም እዚያው እሷ ቤት ተቀምጬ ጨረስኩ። ወደ ዙሪክ የተመለስኩት ጢሜን ተላጭቼ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነው። ምክንያቱም ልጄ እንዳትሰማ ተስማምተን ነበር።

ልጄ እስከ አራት ዓመቷ በአያቷ እጅ ነው ያደገችው። ከእናቷ ጋር ወደ እኔ ከመጣች በኋላ ለአያቷ ሥዕል እየሣለች ትልክ ነበር። ከሞተችም በኋላ መሣሏን አላቆመችም፤ እኔም እየተቀበልኩ «ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች» እላት ነበር። ለልጅ ክፉ ወሬ በድንገት አይነገርም፤ ፈተና ሲያልፍ፣ በዓል ሲያልፍ፣ ትንሽ ከፍ ስትል እያልን አቆየነው። እኔ ይህን ወግ ዛሬም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው አልልም፤ ስንቱን ሰው ከድንጋጤ አትርፏል። ሆኖም አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ሴትዮ ልጄን አቅፈው «የአያትሽን ነፍስ ይማር» አሏት። ቤት ስንገባ «ስንት ሥዕል ነው ለሞተ ሰው ያስሣላችሁኝ?» አለች። አሥር ዓመቷ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ልጄ እኔ ያልኩትን ማመን ተወች። ውጭ ይዘንባል ስላት መስኮት ከፍታ እጇን ታወጣለች። እራት ደርሷል ስላት መጥታ ድስቱን ታያለች። አትቆጣም፣ አታለቅስም፤ ታረጋግጣለች። ይህ ከስድብ በላይ ያንገበግበኝ ነበር።

እንሽላሊቱ በመጣ በጥቂት ሳምንት ትምህርት ቤት ለፀደይ ዕረፍት ተዘጋ። ሚስቴ ክሎተን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ወጥ ቤት ትሠራለች፤ እኔ እዚያው ኦርሊኮን፣ ሠፈራችን ባለው የማሽን ፋብሪካ። ስለዚህ ልጄ ወደ አክስቷ፣ ጄኔቫ መሄድ ነበረባት። እንሽላሊቱን ለእኔ አደራ ሰጠችኝ። ባቡር ጣቢያው ድረስ እየተናገረች ሄደች፦ የምታበላው ፌንጣ በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ካለው ስፋት መብለጥ የለበትም፤ ነጩን የካልሲየም ዱቄት ነስንስበት፤ ቅጠሉን አድቅቀህ ክተፍለት፤ ላምፑን እንዳትረሳ።

«አልረሳም» አልኳት።

ባቡሩ በር ላይ ቆማ ዞር አለች። «አባዬ፣ ከሞተ በስልክ ትነግረኛለህ። ስመለስ አይደለም። አክስትዬም ጠዋት መጥታ እንድትነግረኝ አልፈልግም። አንተ፣ በስልክ።»

«ምን በወጣው ይሞታል!» አልኳት ሳቅ ብዬ። አልሳቀችም።

በማግስቱ ጠዋት የፌንጣውን ሣጥን ከፈትኩ። የሚሸጡት ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሣጥን ነው፤ ሁለት ለማውጣት ስትከፍት ደርዘን ይዘላል። ግማሹ ፍሪጅ ሥር ገባ። የቀሩት ላይ ኩባያ ደፍቼ፣ ዱቄቱን ነስንሼ፣ አንዱን በወረንጦ ይዤ ወደ መስታወቱ ሣጥን አስገባሁ። እንሽላሊቱ አንገቱን ሰበር አድርጎ አየኝ፤ ፌንጣውን ሳይሆን እኔን። ጠበቅኩ። ድንገት ምላሱ ወጣና ፌንጣው የለም። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። ደስ ብሎኝ ሚስቴን ጮክ ብዬ ጠራኋት።

«እኛ በሁዳዴ በሽሮ፣ እሱ በቀን ሁለቴ ሥጋ» አለች ከበሩ ሳታልፍ።

ከበላ በኋላ አምፖሉን አጠፋሁት። ይህን ያደረግኩት ዘንግቼ ወይም ሰንፌ አይደለም፤ በጣም ተጠንቅቄ ነው። አምፖሉ የፀሐይ ምትክ ነው፣ እንደ ቀትር ያቃጥላል። እኛ ቤት በልቶ፣ በተለይ አፉን ሳይታጠብ፣ ፀሐይ የሚወጣ ሰው አልነበረም። ምች ይመታል። እናቴ እኛን ልጆቿን ከምሳ በኋላ ጥላ ውስጥ ስታስቀምጠን ነው ያደግነው፤ አንዱ አምልጦ ወጥቶ ትኩሳት ከያዘው ዳማከሴ ጨምቃ ታሸዋለች። ኦርሊኮን ውስጥ ዳማከሴ ከየት ይመጣል? ስለዚህ አምፖሉ የሚበራው ሊበላ ሲል ብቻ ነበር፤ ሲበላ ይጠፋል፤ እንዲያውም በሣጥኑ ላይ ነጠላ ጣል አደርግበታለሁ። ከሰዓት ከሥራ ስመለስም እንዲሁ።

ማታ ስልኩ ጮኸ። «በላ?» አለች።

«በላ» አልኳት፤ እውነት ነበር። የእውነት መልስ ስለነበረኝ ደረቴን ነፍቼ ተናገርኩ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ብቻ በላ። በሦስተኛው ቀን ፌንጣው በጀርባው ላይ ሲሄድ ዝም ብሎ ተኛ። ሆዱ ተወጥሯል፣ ከአገጩ ሥር ያለው ጢሙ ጠቁሯል። ትንሿን ፌንጣ መረጥኩለት፣ ቅጠል ከተፍኩለት፣ ውሃ በጣቴ አፉ ላይ አንጠባጠብኩለት። ዓይኑን ጨፈነ። ሥራ ቦታ ሆኜ ማሽኑ ፊት ቆሜ የማስበው የሱን ሆድ ብቻ ነበር፤ አለቃዬ ሁለት ጊዜ ጠርቶኝ አልሰማሁትም። ልጄ ስትመለስ የመስታወቱን ሣጥን ባዶ ስታየው የምታየኝ አስተያየት ከፊቴ አልጠፋ አለ። የፈራሁት ለእንሽላሊቱ ብቻ ቢሆን በቀለለኝ ነበር።

አድሊስቪል ያለው ሰውዬ ጋ ደወልኩ። በስዊስ ጀርመንኛ በስልክ መነጋገር ለኔ ጥርስ ከመነቀል አይሻልም፤ ቢሆንም ደወልኩ። ማንም አላነሳም፤ ለዕረፍት ወጥተዋል። እንግዲህ የዚህን ፍጥረት ነገር የሚያውቅ አንድ ሰው ቀረ፤ እሷም ልጄ ናት። እሷን መጠየቅ ደግሞ መታመሙን መንገር ነው።

ያን ቀን ማታ ስልኩ ሲጮህ ሚስቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። «በላ በላት» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በሰው ቤት አታስለቅሳት። ከሞተም ተመሳሳዩን እንፈልጋለን፤ እንሽላሊት ሁሉ አንድ ነው።»

«በላ?» አለች ልጄ።

«በላ» አልኳት።

መስኮት ከፍታ እጇን እንደምታወጣው ሁሉ፣ «ስንት?» አለች።

«ሦስት።»

«እሺ» ብላ ዘጋች። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ እዚያው ወንበር ላይ ቀረሁ። ፍሪጁ ሥር የገቡት ፌንጦች ይጮሃሉ። ነጠላውን ገልጬ አየሁት፤ እንደ ተኛ ነው። ሚስቴ «ሻይ ላፍላልህ?» አለችኝ። በራሴ ነበር የተናደድኩት፣ ግን በሚስቴ ላይ አኮረፍኩ።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ የምለውን ሳሰናዳ ዋልኩ። ማታ ስልኩ ገና አንዴ ሲጮህ አነሳሁት፤ ሚስቴ ከሥራ አልገባችም ነበር።

«በላ?»

«አልበላም» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። «ትናንትም አልበላም ነበር። በላ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ሆዱ ተነፍቷል፣ ጢሙ ጠቁሯል፣ አይንቀሳቀስም። አልሞተም። ግን ፈርቻለሁ፣ ልጄ።»

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን እንደ ሐኪም ጥያቄ ጀመረች። «ኩሱን አየህ?»

«አላየሁም።»

«ላምፑ ይበራል?»

«ይበራል። ሲበላ አበራለታለሁ፤ ከበላ በኋላ አጠፋዋለሁ።»

«ለምን?»

«ምች እንዳይመታው።»

«ምች ምንድን ነው?»

አስረዳኋት። ፀሐዩን፣ ምሳውን፣ አፍ አለመታጠብን፣ ዳማከሴውን ሁሉ ነገርኳት። እየተናገርኩ ሳለ፣ እናቴ ጥላ ውስጥ ያስቀመጠችው ልጅ ላብ እንጂ ቅርፊት እንዳልነበረው ለራሴም መገለጥ ጀመረልኝ።

«አባዬ!» አለች። «እሱ እኮ የሚፈጨው በሙቀት ነው! ካልሞቀው የበላው ሆዱ ውስጥ ይበላሻል። ቀኑን ሙሉ ነው የሚበራለት። አሁን ሂድና አብራ። ስልኩን አትዝጋ።» ከኋላዋ አክስቷ እንደ ልማዷ ፈረንሳይኛ ቀላቅላ «ሜ፣ ግን ምን ሆነ?» እያለች ስትጠይቅ ይሰማኛል፤ ዝም አሰኘቻት።

ሄጄ ነጠላውን አነሳሁ፣ አምፖሉን አበራሁ፣ ተመልሼ አበራሁት አልኳት። ኩሱን እስኪያወጣ ድረስ ምግብ እንዳትሰጠው አለች። በለብ ባለ ውሃ ሆዱን እንዳጥበው፣ ከዚያ ብርሃኑ ሥር እንድተወው ነገረችኝ። ያለችኝን ሁሉ አደረግኩ። በሳፋ ውሃ ውስጥ በሁለት ጣቴ ደግፌው ስቆም፣ ልቡ ጣቴ ላይ ሲመታ ይሰማኛል። እስከዚያ ቀን ነክቼው አላውቅም ነበር።

በበነጋው ከሥራ በሩጫ ተመለስኩ። ጠዋት ያበራሁት አምፖል እንደበራ ነው፤ እንሽላሊቱ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ አፉን ከፍቶ ይሞቃል። ከድንጋዩ ሥር ኩስ አለ። የማንንም ኩስ አይቼ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም፤ ጫማዬን ሳላወልቅ ተንበርክኬ አየሁት። ፌንጣ በወረንጦ ስዘረጋለት ዘሎ ነጠቀኝ። ሌላ ጨመርኩ፤ ሌላ። ጢሙ ነጥቷል።

ማታን መጠበቅ አቃተኝና ራሴ ጄኔቫ ደወልኩ።

«በላ!» አልኳት።

«እውነት?»

«እውነት። ኩሱንም አይቻለሁ።»

ሳቀች። ከስንት ወር በኋላ የሰማሁት ሳቋ ነው። ከዚያ ስለ አያቷ ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ እማማ መጨረሻ ላይ ትበላ ነበር?»

መርዶውን ያመጣው ሰው የነገረኝን ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም ነበር። ለጠየቀኝ ሁሉ «እንቅልፍ ወስዷት ነው የሄደችው» እል ነበር። ቃሉ አፌ ላይ መጥቶ ቆመ።

«አልበላችም» አልኳት። «እህል እምቢ ብላ ነበር። ጎረቤቶቿ ናቸው በማንኪያ የሚሰጧት። አንድ ጉርሻ ሲያቀምሷት ‹ልጄ መጣ?› ትል ነበር አሉ።»

«አንተን ነው?»

«እኔን ነው። መሄድ አልቻልኩም። ከገባሁ አያስወጡኝም ነበር።»

ጄኔቫ ላይ ልጄ ማልቀስ ጀመረች። አይዞሽ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን የራሴ ለቅሶ ነው። ለእናቴ እቤቴ ውስጥ፣ ድምፄን ሳልቀብር ሳለቅስላት ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ልጄ ስልኩን አልዘጋችም።