በአህያዋ ተረት ላይ የተጻፈው ደብዳቤ

የቤተ መጻሕፍቱን የተቀዳደዱ መጻሕፍት የሚጠግነው ሰው ምድር ቤት ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርቷል። ለማንበብ የሚመጡ ልጆች «ሐኪሙ» ይሉታል። ክር አለው፣ መርፌ አለው፣ ሙጫ አለው፤ ወግ ግን የለውም። ደስታም መጣ ኀዘን፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ነው የሚያልፈው። ሰዎች ጨዋ ይሉታል፤ ጨዋነቱ ምን እንዳሳጣው ግን አልሰሙም።

አንድ ድክመት ነበረበት፤ የልጆች መጻሕፍትን ጠግኖ ሲጨርስ ሳያነብ አይመልስም። በተለይ አንዲት አህያ ውሻና ድመትን ላስታርቅ ብላ ሽምግልና ተቀምጣ፣ እራቷን ለሁለቱም አስበልታ ጦሟን የምታድርበትን ተረት ስንት ጊዜ እንዳነበበው እሱም አያውቀውም። ውሻው ቁርጥ የመሥሪያ ቤቱን አስተዳዳሪ ይመስለዋል። ብቻውን ሲስቅ ደረጃው ድረስ ይሰማል። የዘጠኝ ዓመት ልጁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ጋ ቆማ ታዳምጠው ነበር፤ ቤት ውስጥ እንዲያ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም።

ሚስቱ ሌላ አገር ሥራ አገኘች። ትዳሩ እንደሆነ ካለቀ ቆይቷል። የልጅቷ ነገር ሲነሣ እናትየው «እሷው ትምረጥ» አለች፤ እሱም «እንደፈለገች» አለ። «አንቺም ከሄድሽ እኔ ምን ቀረኝ?» ልጁን ሊላት አፉ ድረስ መጥቶ ነበር። ልጅ ላይ መጫን መሰለውና ዋጠው። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ሄደች። «አልወደደችኝም ማለት ነው» ብሎ ደመደመ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ እየደወለ ስለ ፈተናና ስለ ብርዱ ብቻ ጠየቃት።

የሕፃናት ክፍል ኃላፊዋ ጡረታ የወጡ ዕለት ሊሰናበቱት ወረዱ።

«አንድ ነገር ሳልጠይቅህ ብሄድ አይወጣልኝም» አሉት። «ያኔ ልጅህ ስትጽፍልህ ምነው ሳትመልስላት ቀረህ?»

«የት ጻፈችልኝ፣ እትዬ?»

«በአህያዋ መጽሐፍ ላይ ነዋ! ሽፋኑን ራሷ ገንጥላ አመጣችልኝ። ልቆጣት ስል፣ ‹አባዬ እንዲያገኘው ነው። ይሄን መጽሐፍ ይወደዋል፤ እዚያው ላይ ይመልስልኛል› አለችኝ። ሦስት ቀን ‹መጣ ወይ?› እያለች ተመላለሰች። የመጣ ዕለት ገጽ በገጽ አገላበጠችው። ‹አጥፍቶታል› አለችና መደርደሪያው ላይ መለሰችው። በሳምንቱ ሄዱ።»

ሰውየው ሕግ ነበረው፤ መጽሐፍ ሲገባ መጀመሪያ ላጲስ፣ ቀጥሎ ሙጫ። ልጆች በእርሳስ የሞነጫጨሩትን አያነብም፤ ጠርጎ ያጠፋዋል። ሌሎች ጠጋኞች እንኳ የሱን ንጹሕ ገጽ አይተው ይቀኑ ነበር።

ሴትዮዋን በቅጡ ሳይሰናበት ወደ ላይ ሮጠ። መጽሐፉን ከመደርደሪያው አውጥቶ መስኮት ዳር ወሰደው፤ እርሳሱ ተጭኖ የተወው ምልክት ይኖር እንደሆን ብሎ እያንዳንዱን ገጽ ወደ ብርሃኑ አጋደለ። ምንም የለም። እንደ ልማዱ ከጠገነው በኋላ በከባድ ብረት ተጭኖት ነበር። እዚያው የልጆቹ ትንንሽ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ልጆቹ ሐኪሙ ምን ሆነ ብለው ከበቡት።

ቤቱ ገብቶ ደወለ።

«አባዬ፣ ዛሬ እሑድ አይደለም እኮ!» አለች።

«አውቃለሁ። የአህያዋ መጽሐፍ ላይ የጻፍሽልኝን... ሳላነበው ነው ያጠፋሁት። ያንቺ መሆኑን አላወቅኩም። ዛሬ ገና ነው የሰማሁት።»

«አላነበብከውም እንዴ?» አለች።

«ምን ብለሽ ነበር፣ የኔ ልጅ?»

«‹አትሂጂ በለኝ› ነው ያልኩት።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። እሱም አላጣውም። ግን ከዚህ ወዲያ መዋጥ አቃተው።

«አትሂጂ» አላት፤ ድምፁ እየተቆራረጠ። «አትሂጂብኝ፣ የኔ እናት።»

«እሺ አባዬ» አለችው፤ አሁን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ትልቅ ሰው ማባበል ታውቃለች። «እሺ፣ በቃ አታልቅስ። አልሄድም።»