በጆሮው ያልሁት

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄ ቢኒያም ከንፈሩ አብጦ፣ ፊቱ ግን በደስታ በርቶ ወደ ቤት ገባ። ቢኒያም የሚኖረው ኳስ ተጫውቶ በሚያገኘው ደመወዝ ነው፤ ይህ ለእኔ ዕድሜ ሰው አሁንም ድረስ የሚገርም ነገር ነው። እናቱ በረዶ ፍለጋ ስትሮጥ እሱ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ የቀኑን ጀብዱ ያወራን ጀመር። የተጋጣሚው ቡድን ተከላካይ አላሳልፍ ብሎ ሲያስቸግረው ቆይቶ፣ ከዕረፍት በኋላ ቢኒያም ጠጋ አለና ስለ ልጁ እህት አንድ ነገር ሹክ አለው። ልጁ ብው ብሎ በቡጢ መታው፤ ቀይ ካርድ አይቶ ወጣ፤ እነ ቢኒያም አሸነፉ። አሠልጣኙ ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርጎ አመስግኖታል።

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

«ምነው አባባ፣ ደስ አላለዎትም?»

«ምን አልኸው?»

«እሱንስ ለእርስዎ አልነግርዎትም» አለና አንገቱን ደፋ። «የሜዳ ነገር እኮ ነው፤ ፊሽካ ሲነፋ ያልቃል።»

ያልቃል እንዴ? እኔ የማውቀው አንድ ጨዋታ ፊሽካው ከተነፋ ስድሳ ዓመት አልፎታል። እስካሁን አላለቀም።

ጣሊያን ጎንደር በገባ በሦስተኛው ዓመት የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ። ከወገራ መጥቼ ቀሃ ወንዝ አጠገብ አክስቴ ቤት ተጠግቼ፣ ቀን ቀን በአንድ ጣሊያን ጋራዥ ማኪና አጥብ ነበር። ከተማው በዚያን ጊዜ የድንጋይ ጠራቢ መዶሻ ሲንቋቋበት የሚውል፣ በሲሚንቶ ብናኝ የነጣ ከተማ ነበር። የጭነት ማኪኖች ዳገቱን እያቃሰቱ ይወጣሉ። ወደ አመሻሹ ላይ ከጣሊያኖቹ ዳቦ ቤት የፉርኖ ዳቦ ሽታ ይመጣና፣ ቆሎ ቆርጥሞ የዋለውን ሆዳችንን ያላውሰዋል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግን ማንም አያዝዘንም። የጋራዥና የግንበኛ ልጆች ከወንዙ አጠገብ ካለው ሜዳ ላይ ባዶ እግራችንን ኳስ እንራገጣለን።

የጋራዡ ባለቤትና ሕንፃ የሚያሠራው ሌላ ጣሊያን አንድ ቀን የማን ሠራተኛ ይበልጣል ተባብለው ተፎካከሩ። በጥር ወር፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው እሑድ እንድንጋጠም ተወሰነ፤ ላሸነፈው ቡድን ሁለት ኩንታል ነጭ ዱቄት ሊሰጥ። እንግዲህ ቢኒያም በደመወዝ ይጫወታል፤ እኛ ደግሞ በዱቄት ተጫውተናል። ያን ዓመት እህል እንደ ልብ አልነበረምና የእኛው ክፍያ ሳይበልጥ አይቀርም።

እኔ በእግሬ ይህን ያህል አልነበርሁም፤ ሙያዬ አፌ ነበር። ይህን ደግሞ ከአገሬ ይዤው የመጣሁት ነው። ወገራ ለገና ሩር ስንማታ፣ ተጋጣሚን በግጥም መስደብ የጨዋታው ግማሽ ነበር። የባላባቱ ራሰ በራነት፣ የዳኛው አፍንጫ፣ የቄሱ ጠላ ወዳድነት ሁሉ ይዘፈንበታል፤ የተሰደበው ሰው ይስቃል እንጂ አይቆጣም። ማታ አንድ ማዕድ ቀርበን ስንበላ የቀኑ ስድብ አብሮ ይበላል። ከሜዳው ዳር ግን ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ይቀመጡ ነበር። አንዱ ጎረምሳ የማይነካ ነገር ሊነካ አፉን ሲያሞጠሙጥ፣ አንዳቸው «ተው» ይላሉ። አንዲት «ተው» ብቻ። በዚያን ጊዜ ለእነዚያ ሽማግሌዎች ግምት አልሰጠኋቸውም፤ ፀሐይ ሊሞቁ የሚመጡ ይመስለኝ ነበር። ጎንደር ስመጣ ስድቡን ይዤ መጣሁ፤ ሽማግሌዎቹን ወገራ ትቻቸው።

በግንበኞቹ በኩል ወርቅነህ የሚባል እኩያዬ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኳስ እግሩ ላይ የምትጣበቅለት፣ ሳቂታ ልጅ። አባቱን አያ ፈንታን ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ የጣሊያን ጥይትና ስንቅ የሚቀመጥበት መጋዘን ዘበኛ ነበሩ። ጣሊያን የሰጣቸውን ቆብ ደፍተው፣ ለአላፊ አግዳሚው ሹም ሁሉ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጭነው ሰላምታ ይሰጣሉ። ሴቶች በበራቸው ሲያልፉ ምራቃቸውን እንትፍ ይላሉ። «ባንዳ» ነበር ስማቸው፣ በሹክሹክታ። እኔ ራሴ የጣሊያን ማኪና ሳጥብ እየዋልሁ እሳቸውን ስንቅ ምንም አይሰማኝም ነበር።

የጨዋታው ቀን ሜዳው በሰው ተሞላ። ጣሊያኖቹ በማኪና ያመጡት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ከኋላቸው የአገራችን ሰው የሆነ አስተርጓሚያቸው በሣጥን ላይ ተቀምጧል። ዳኛው አንድ ጣሊያን መካኒክ ነበር። ሕጉን በአስተርጓሚው በኩል ነገረን፦ ሰው የመታ ይወጣል፤ በምትኩ ማንም አይገባም።

ወርቅነህን እንድይዝ የተመደብሁት እኔ ነኝ። ገና ከመጀመሩ ለቀቅሁበት፦

«እግሩ ሁለት ዘንግ ነው፣ ሩጫው የዶሮ፣
ኳሷን ያሳድዳል ጥሬ መስሎት ኖሮ።»

ተመልካቹ አወካ። ወርቅነህም ሆዱን ይዞ ሳቀና፣ ኳሷን በእግሬ መሐል አሾልኮ እየሮጠ መለሰልኝ፦

«ማኪናውን አጥቦ ራሱን የረሳ፣
ሽታው ደረሰብኝ ገና ሳይነሳ።»

እውነቱን ለመናገር ከእኔ ግጥም የእሱ ይሻል ነበር። ወዲያው አንድ አገባብን። ከዚያ በኋላማ ሜዳው የእሱ ሆነ፤ እኔ ከኋላው አቧራ እየበላሁ እከተለዋለሁ። ለዕረፍት ስንወጣ የቡድናችን አለቃ አያ ደምሌ፣ በዕድሜም በጉልበትም የሚበልጡን የጋራዡ ብየዳ ሠራተኛ፣ ክንዴን ጨምድደው ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«አንተ፣ ይኸ ልጅ ዱቄታችንን ይዞብን እየሄደ ነው። ምነው ዝም አልህ?»

«ኧረ አያ ደምሌ፣ ስሰድበው እየሳቀ ምን ላድርገው!»

«የማያስቀውን ንገረዋ! ይምታህና ይውጣ።»

የማያስቀው የትኛው እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀብኝም። ግጥሙንም ውኃ እየጠጣሁ ጨረስሁት። ግን እንደ መጀመሪያው ጮኼ ልዘፍነው አልቻልሁም፤ ለጣሊያን የሚሠራን ሰው ጣሊያን ፊት ባንዳ ማለት ወህኒ ያስገባል። ስለዚህ የማዕዘን ምት ሊመታ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ስንቆም በጆሮው አልሁት፦

«አባትህ ለጣሊያን መጋዘን አዳሪ፣
የወገኑን ደም ነው በዳቦ መንዛሪ።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። አልመለሰልኝም። ኳሷ ስትመጣ ሳይነካት አለፈችው። ልቤ በደስታ ዘለለች፤ መድኃኒቱን አገኘሁ አልሁ። ከዚያ በኋላ በደረሰበት እየደረስሁ ደጋገምሁለት። ግጥሙም ቀረና ቃሉ ብቻ ሆነ። «የባንዳ ልጅ። የባንዳ ልጅ።» ሁለት ጊዜ እጁን ጨበጠ፤ ሁለት ጊዜ ፈታው። ሦስተኛው ላይ ይመታኛል ብዬ ጉንጬን አዘጋጅቼ ጠበቅሁት።

አልመታኝም። የሸሚዜን አንገትጌ ይዞ ወደ ፊቱ ሳበኝና፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ፦

«አባቴን ባንዳ አትበለው! አርማጭሆ የሚተኮሰው ጥይት ከማን እጅ የሚሄድ ይመስልሃል?»

አርማጭሆ ማለት በዚያን ጊዜ አርበኞች ማለት ነው። እኔ ያልሁትን ማንም አልሰማም፤ እሱ ያለውን ያልሰማ አልነበረም። ወርቅነህ አንገትጌዬን ለቀቀኝ፤ ያለፈውን ቃል ሊመልሰው የፈለገ ይመስል መዳፉን አፉ ላይ ጫነ። ወዲያው ፊቱን አዙሮ ወደ ከተማው ሽቅብ ሮጠ። አስተርጓሚው ከሣጥኑ ላይ አልተነሣም። ጣሊያኖቹ እየሳቁ ምን እንደተባለ ሲጠይቁት ትከሻውን ሰበቀ። አልሰማም ይሆናል፣ ሰምቶም የአገሩ ሰው ነው፣ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ለማንም ነግሬ የማላውቀው ይህን ነው፦ ጨዋታውን ቀጠልሁ። እነሱ አንድ ሰው ጎደለባቸው፤ እኛ ሁለት አገባን። አያ ደምሌ ተሸክመው አዞሩኝ። ድርሻዬን ዱቄት ይዤ ገባሁና አክስቴ ዳቦ ጋገረችው። ዳቦው ሸጋ ነበር፤ ይህን መዋሸት አልችልም። እስክጠግብ በላሁ።

ሰኞ ጧት ጋራዥ ስደርስ አያ ፈንታ ከመጋዘኑ በር ላይ መወሰዳቸው ተወርቷል። አልተመለሱም። የት እንደተቀበሩም አልታወቀም። ምራቃቸውን እንትፍ ይሉ የነበሩት ሴቶች በዚያ ሰሞን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በበራቸው ሲያልፉ አየሁ፤ እኔ ግን በዚያ መንገድ መሄድ ትቼ በሌላ እዞር ነበር። ኳስም ዳግመኛ አልነካሁም። ሰው ሲጠይቀኝ ጉልበቴን ያመኛል እል ነበር።

ጣሊያን ወጥቶ አርበኛው ሲገባ ወርቅነህ ጎፈሬውን አሳድጎ፣ ጠመንጃውን አንግቶ ከአርማጭሆ መጣ። እንዳገራችን ወግ ድንጋይ በትከሻዬ ተሸክሜ ይቅርታ ልጠይቀው ሄድሁ። ብቻዬን ነበርሁ፤ ሽማግሌ ይዤ እንዳልሄድ ለሽማግሌዎቹ ጥፋቴን መናገር ሊኖርብኝ ነው። ደጁ ላይ ወጥቶ ቆመ።

«አውርደው» አለኝ። «አንተ የተናገርኸው ሐሰት ነበር። እውነቱን የተናገርሁት እኔ ነኝ።»

«ወርቅነህ፣ እኔ ነኝ እኮ ያናገርሁህ!»

«ሮጬ ሄጄ ለአባቴ ነገርሁት» አለ እንዳልሰማኝ ሁሉ። «እንሽሽ አልሁት። ‹አንተ ሂድ። እኔ ከጠፋሁ ነገ ለጥይቱ የሚመጡትን ሰዎች ማን ይመልሳቸዋል?› አለኝ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።»

ድንጋዩን አወረድሁት፤ ሸክሙ ግን ከእኔ ወርዶ እሱ ላይ እንደቀረ አየሁ። ይቅር ቢለኝ ወይም ቢያባርረኝ አንድ ነገር ነበር። እሱ ጭራሽ ጥፋቱን አላካፍልህም አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በአንድ ሰፈር አረጀን። ልጆቻችን ተዋለዱ ለማለት እስኪቃረብ ድረስ ቤተሰብ ሆንን። ስለዚያ እሑድ አንድም ቀን አላነሣንም። እኔ ግን በልቤ ስከራከር ኖርሁ። ያሳበቀው አስተርጓሚው ነው፤ የላከኝ አያ ደምሌ ናቸው፤ ጎረምሳ ነበርሁ፤ በአገሬ ደንብ ጨዋታ ነበር። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው፤ አንዳቸውም እንቅልፍ አልሰጡኝም። ምክንያቱም እግሩን ስሰድበው በማኪና አጣቢነቴ መልሶልኛል፤ እኩል ነበርን። አባቱን ስሰድብ ግን ሊመልስበት የሚችል ምንም ነገር አልተውሁለትም። ዝም ቢል አባቱን ያስነቅፋል፤ ቢናገር ያስገድላል። የወገራ ሽማግሌዎች «ተው» የሚሉት እዚህ ቦታ ላይ ነበር፤ ለመረዳት ዕድሜዬን ፈጀብኝ።

ለቢኒያም ይህን ሁሉ አልነገርሁትም። «ያን ልጅ ፈልገህ ይቅርታ ጠይቀው» ብቻ አልሁት። እሱም «እሺ አባባ» አለኝ፤ ሽማግሌ ለማስደሰት እንደሚባለው ዓይነት እሺ። ምን አፍ አለኝና ልጫነው? እኔ የራሴን መች ጨረስሁ!

ወርቅነህ ያረፈው አምና ነው። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ትልቋ ልጁ ዓለምነሽ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «አያ ጫኔ፣ እርስዎ እኩያው ነዎት» አለችኝ። «አያታችንን ለጣሊያን ያስያዘው ማን ነው? አባታችን ስንጠይቀው ‹አንድ ባንዳ ነው› ከማለት በቀር ስሙን ሳይነግረን ሞተ።»

«እኔም አላውቅ ልጄ» አልኋት። ቄሶቹ ፍትሐት እያደረሱ፣ ሬሳው ሳይወጣ።

ከቢኒያም ጋር ከተነጋገርን ወዲህ ያቺ መልሴ ከአፌ ላይ አልጠፋ አለች። ዛሬ ጧት ወደ ዓለምነሽ ሰው ላክሁ፤ ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትመጣለች። ቢኒያምንም ልምምድ ቢኖርብህም ቅርና አብረኸን ተቀመጥ ብዬዋለሁ። ያን እሑድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራላታለሁ፤ ግጥሙንም ሳይቀር። ከዚያ የዚያን ባንዳ ስም ትጠይቀኛለች። ስሜን እነግራታለሁ።