ከምርቃቱ በፊት መነሣት

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፣ በውጫሌ አቅራቢያ ባለ አንድ መንደር የደረሰብኝን የምጽፈው፣ በኀፍረት የደበቅሁትን ችግር እንደ እኔው የሚደብቅ አንባቢ አይጠፋም ብዬ ነው።

በጡረታ ከተገለልሁ ወዲህ በሐይቅም በአምባሰልም ለሽምግልና እጠራለሁ። የዚያን ቀን ደም የተቃቡ ሁለት ቤተሰቦችን ለማስታረቅ ተቀመጥን፤ ሰብሳቢው እኔ ነበርሁ። ሰብሳቢ ከምርቃቱ በፊት ከተነሣ ዕርቁ ይፈርሳል ተብሎ ይፈራል።

ሽንቴ ከቀጠነ፣ ሌሊትም መነሣት ካበዛሁ ወራት አልፈዋል፤ እርጅና ነው ብዬ ለማንም አልተናገርሁም። የዚያን ቀን ጠዋት ደግሞ ለጉንፋን ክኒን ውጬ ነበር። ረፋዱ ላይ ሽንቴ መጣ። የሟች ወንድም ዕርቁን ሳይቀበል ገና እንዳቀረቀረ ነበርና ሽንቴን ያዝሁ። ቀትር አለፈ። በመጨረሻ የሟች ወንድም ተነሥቶ የገዳይን አባት ትከሻ ሳመ። እኔ መረቅሁ፤ አብረውኝ የሸመገሉት ሀጂ ይማምም ዱዓ አደረጉ።

ወዲያው ወደ ቁጥቋጦው ሮጥሁ። አንዲት ጠብታ አልወጣም። ከእምብርቴ በታች ሆዴ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል።

«አያ በላይ፣ ምን ሆኑ?» አሉ ሀጂ።

«ምንም።»

«የምን ምንም! ፊትዎ አመድ መስሏል እኮ።»

በጆሯቸው ነገርኋቸው።

«ወላሂ፣ ደም አስታርቀው ሽንት ያሸንፍዎት? በሉ እንሂድ!» ብለው ባጃጅ አስጠሩ።

መንገዱ ኮረኮንች ነው። ባጃጁ በዘለለ ቁጥር ፊኛዬ የሚፈነዳ ይመስለኝ ነበር። ሀጂ እጄን ጨብጠው «አብሽሩ፣ ደረስን» ይሉኛል፤ አልደረስንም።

ሐኪም ቤት ስንደርስ አንዲት ወጣት ሐኪም ሆዴን ዳስሳ ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫዬ አስገባች። ከቱቦው ጋር የተያያዘው ከረጢት በሽንት ሲሞላ ዕንባዬ መጣ።

«አባባ፣ እርጅና ብለው የሚተዉት አይደለም» አለችኝ። «ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢ አድጎ መንገዱን አጥብቦታል። ሽንት መያዝዎና የጉንፋኑ ክኒን ጨርሰው ዘጉት። ቢዘገዩ ኩላሊትዎም ይጎዳ ነበር።»

ቱቦው ከቀናት በኋላ ወጣ። የታዘዘልኝን መድኃኒት እስከ ዛሬ እወስዳለሁ፤ ቀጠሮም አላጓድልም።

በቅርቡ ሌላ ዕርቅ ላይ፣ ነገሩ በጦፈበት ሰዓት ሽንቴ መጣ። ተነሣሁ። ጉርምርምታ ሆነ፤ አንዱ ወገን ጋቢውን መሰብሰብ ጀመረ።

«ተቀመጡ!» አሉ ሀጂ ይማም። «ውሃ ሽንት ሊሄዱ እንጂ ዕርቅ ሊያፈርሱ አልተነሡም!»

የተኳረፉት ሳይቀሩ ሳቁ። ስመለስ ሁሉም በየቦታቸው ነበሩ፤ ሁለት አዛውንት ሽማግሌዎች ብቻ ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ተራቸውን ሊወጡ እኔን ሲጠብቁ ኖሯል። ካስታረቅሁት ሁሉ ይበልጥ በዚያች መነሣቴ እኮራለሁ።