የፓንዱ እንግዶችና የቢ ሚዛ ጉድጓድ

ሰው ንጹሕ ገላውን ይዞ መጥቶ፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ «ጭቃ ካልቀባችሁኝ» ብሎ ሲጣላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ በየቀኑ እናያለን። ከመንደራችን በላይ፣ የደሴታችንን የኡንጉጃን ምሥራቅ ዳርቻ ቁልቁል የሚያይ፣ እንግዶችን በሞተር የሚያስጎበኘው የነጋዴው የሳልሚን ግቢ አለ። ጠዋት በሦስት ሰዓት ሚኒባሱ እንግዶች ያራግፋል። እንግዶቹ ባለ አራት ጎማ ሞተር ላይ ይወጡና አቧራችንን ያቦናሉ፣ ዶሮዎቻችንን ያስበረግጋሉ፣ እኩለ ቀን ላይ እንዳይሆኑ ሆነው ቆሽሸው ይመለሳሉ። ከቆሸሹ ደስ ብሏቸዋል ማለት ነው። ኤዲያ!

ከፊት የሚመራቸው ፓንዱ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ጥርሱ የሚያምር፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ከኪሱ ትንሽ የሽቶ ብልቃጥ አትጠፋም። እንደ እሱ ቆሻሻ የሚጠየፍ ሰው በመንደሩ የለም፤ እንጀራው ግን ሰው ማቆሸሽ ሆነ። ጠዋት ጠዋት የራስ ቁሮቹን ሲያድል በሁለት ጣቱ ብቻ ነው የሚይዛቸው፤ ውስጣቸው ከትናንቱ ሰው ላብ ገና አልደረቀም። ከዚያ ያስረዳል። ጡጫዬን ሳነሣ ቁሙ፣ በአንድ መስመር ተከተሉኝ፣ አትቀዳደሙ ይላል። «እሺ» ይሉታል። ከግቢው እንደወጡ ግን የሚሰማው የለም።

ከሁሉም ከሁሉም የሚያንገሸግሸው የባኦባቡ ዛፍ ሥር ነው። እዚያ ሲደርሱ ሞተሩን ያቆማሉ፣ ልጆቻችን ይሰበሰባሉ፣ እንግዶቹም ከቦርሳቸው ከረሜላ አውጥተው ለዶሮ ጥሬ እንደሚበተን አፈር ላይ ይበትናሉ። ልጆቹ ሲሻሙና ሲደባደቡ ፎቶ ይነሣል። ፓንዱ ያን ጊዜ ለይምሰል ጥርሱን ያሳያል። አንድ ቀን የራሱን ወንድ ልጅ ከመካከላቸው ተንበርክኮ አየና ማታ ቤቱ ገብቶ መታው። ልጁ ምን አጠፋ? ምንም። ምንም!

ይህ ሰው እንዲህ ተጠያፊ የሆነው በገመድ ምክንያት ነው። የእኛ ሴቶች የኮኮናት ልጣጭ ይቀብራሉ። ባሕሩ ሲሸሽ የሚገለጠው ጭቃ ውስጥ እያንዳንዷ የራሷ ጉድጓድ አላት፤ ልጣጩን ትጨምርበታለች፣ ድንጋይ ትጭንበታለች፣ ስድስት ወር ይበሰብሳል። ከዚያ አውጥታ በዱላ ትቀጠቅጠዋለች፤ ቃጫው ይለያል፣ ቃጫውም ገመድ ይሆናል። ጉድጓዱ ሲከፈት የሚወጣውን ግማት ግን አላህ ያሳያችሁ ልበል ወይስ አያሳያችሁ? ጥቁሩ ውሃ እንደ ከረመ እንቁላል ይከረፋል፤ እጅ ላይ ከነካ ሦስት ቀን አይለቅም።

የፓንዱ እናት ቢ ሚዛ፣ እመት ሚዛ እንደማለት ነው፣ ልጇን ያሳደገችው በዚህ ነው። አባትየው ገና ልጁ ጥርስ ሳያወጣ ፔምባ ደሴት ሄዶ ሌላ አገባና እዚያው ቀረ። የትምህርት ቤት ቁምጣው ከገመድ፣ ደብተሩ ከገመድ፣ ሠርጉም ከገመድ ወጣ። ክፍል ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጥ ልጅ አልነበረም፤ «የልጣጩ ልጅ» እያሉ አፍንጫቸውን ይይዙበት ነበር። ሎሚ ቆርጦ ገላውን ሲፈትግ ቆዳው ይላጥ ነበር፣ ሽታው ግን ከልብሱም ከመኝታውም አይጠፋም። ያን ጊዜ በልቡ ማለ። ካደግሁ ይህ ነገር እኔንም ቤቴንም አይነካም አለ። ሆቴል ሻንጣ ተሸከመ፣ እንግሊዝኛ ለቀመ፣ የሳልሚን እንግዶች መሪ ሆነ፣ ላይኛው መንገድ ላይ የሲሚንቶ ቤት ሠራ።

የዛሬ ሁለት ዓመት እናቱን ከባሕሩ ዳር ቤቷ አስቀምጦ ለመናት። እኔ እያለሁልሽ ከእንግዲህ ጭቃ ውስጥ እንዳትገቢ፣ ሰው ምን ይለኛል፣ አላት። «እሺ ልጄ» አለችው። አንድ ወር ተቀመጠች። ከዚያ ተመልሳ ገባች! ምን ታድርግ? ጉድጓዱ የእናቷ ነው፣ ከዚያም በፊት የአያቷ ነበር፤ በዚህ ምድር በስሟ የሚጠራ ሌላ ነገር የላትም። ጓደኞቿም እዚያ ናቸው፤ ጨዋታው፣ ሐሜቱ፣ ዘፈኑ ሁሉ እዚያ ነው። ለልጇ ግን አልነገረችውም፤ እኛንም እንዳንነግረው አስማለችን። እሱ ምሳ የሚመጣው አርብ አርብ ስለሆነ ሐሙስ ሥራዋን ታቆማለች፤ በሎሚና በአሸዋ እጇን ትፈትጋለች፣ ጃስሚን አበባ ፀጉሯ ላይ ትሰካለች። ልጇ ሲገባ ቤቱ አበባ አበባ ይሸታል። የተሰነጣጠቁትን ጣቶቿን አይቶ እንኳ ምነው ብሎ አልጠየቀም። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ዘንድሮ ድርቁ በረታ። ሳልሚን በየጠዋቱ በቦቴ ውሃ እያስመጣ ለእንግዶቹ የጭቃ ጉድጓድ ያስሞላ ነበር። አዎ፣ ሴቶቻችን ባልዲ ይዘው ለሁለት ሰዓት ውሃ ሲሰለፉ ቦቴው በአጠገባቸው አልፎ ሄዶ መሬት ላይ ይደፋዋል፤ ነጮቹ እንዲንቦጫረቁበት። የመንደሩ ሹም ይህን ሰምቶ ቦቴውን ከለከለ። ደግ አደረገ። ጭቃው በሦስት ቀን ደረቀ፤ እንግዶቹም አቧራ ብቻ ለብሰው ይመለሱ ጀመር። በስልካቸው ኢንተርኔት ላይ እየጻፉ አማረሩ። በማስታወቂያው ላይ ያየነው ጭቃ የታለ? ተታለልን! አሉ።

ሳልሚን ፓንዱን ጠራው። በረንዳው ላይ ተጋድሞ ማንጎ እየበላ ነበር፤ ጭማቂው በአገጩ ይወርዳል።

«ነገ ንጹሕ ሆነው ከተመለሱ የፊተኛዋን ሞተር ቁልፍ ለኡሲ ታስረክባለህ» አለው። «አንተ ወርደህ ገመድህን ትገምዳለህ።»

ኡሲ ከእንግዶቹ ኋላ እየነዳ የሚጠብቃቸው ነው፤ ያቺን ቁልፍ ከተመኛት ሦስት ዓመቱ። ፓንዱ ግን ከቁልፉ ይልቅ «ገመድህን» የምትለዋ አንጀቱን አቃጠለችው። ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ።

በማግስቱ ረቡዕ ስድስት እንግዶች መጡ። ከእነሱ አንዷ ቀይ ኮፍያ ያደረገች ሴት ነበረች፤ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ሁሉን ትጠይቃለች፣ ለሁሉ ታመሰግናለች። ባኦባቡን አለፉ፣ ዋሻውን አዩ፤ ልብሳቸው ግን ንጹሕ ነው። ከመካከላቸው አንድ ወፍራም ሰውዬ ጭቃው መቼ ነው እያለ ይነዘንዛል። ፓንዱ ቁልቁል ተመለከተ፤ ባሕሩ ሸሽቷል፣ ጥቁሩ ጭቃ እስከ ሩቅ ተዘርግቷል። እዚያ ሞተር እንዳይገባ መንደሩ ከልክሏል፤ ድንጋይ የተጫነበት ሁሉ የአንዷ ሴት የስድስት ወር ድካም ነውና። ፓንዱም ይህን ያውቃል። ስለዚህ አሰበ፤ የሰው ጉድጓድ ከምነካ የእናቴ ይሻላል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶውን የተቀመጠ ነው፣ ማንም አይጎዳም አለ። በልጅነቱ ድንጋይ የተሸከመበት ቦታ ስለሆነ ዓይኑን ጨፍኖ ያገኘዋል፤ ከዳር ነው፣ ከጎባጣው የማንግሮቭ ዛፍ አጠገብ። ወደዚያው መራቸው።

እንግዶቹ በደስታ ጮኹ። አንዱ በሌላው ላይ እየረጨ ይሽከረከር ጀመር። ፓንዱ ራቅ ብሎ ቆሞ ሸሚዙን ይጠብቃል። ከዚያ የወፍራሙ ሰውዬ የኋላ ጎማ ሰጠመ፤ ሰውዬው ነዳጅ ሰጠው፣ ጎማው ድንጋዩን ፈነቀለው። ሽታው ከእንግዶቹ ሁሉ በፊት ፓንዱ ጋ ደረሰ። ሠላሳ ዓመት የሸሸውን ሽታ አይስተውም! ጡጫውን አነሣ፣ የሚያየው የለም። ጎማው እየተሽከረከረ የበሰበሰውን ልጣጭ ከነጥቁር ውሃው ወደ ላይ ይተፋዋል፤ ፊታቸው ላይ፣ አፋቸው ውስጥ፣ አንገታቸው ሥር። ወፍራሙ ሰውዬ የራስ ቁሩን ሳያወልቅ አስታወከ። የተቀሩት የሽንት ቤት ፍሳሽ መስሏቸው እየተንጫጩ ከሞተራቸው ዘለሉ።

ሴቶቹ ልጣጭ ከሚቀጠቅጡበት ጥላ ሥር ጫጫታውን ሰምተው መጡ። ከፊት ቢ ሚዛ ነበረች፤ እጇ እስከ ክርኗ ጥቁር። ልጇን ስታይ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር እጇን በለበሰችው የካንጋ ጨርቅ ውስጥ መደበቅ ነው። የተያዘችው እሷ መሰላት እኮ! ከዚያ ጉድጓዷን አየችው። ተንበረከከችና የተበተነውን ልጣጭ አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር።

ባለ ቀይ ኮፍያዋ ሆዷ ባባ። ከቦርሳዋ ሳኒታይዘር አወጣች፤ ቀርባ የአሮጊቷን እጅ ያዘችና መዳፏ ላይ ጨመቀችላት። ቢ ሚዛ ያን የሚቀዘቅዝ ነገር አሸተተችው። ሴትዮዋ ወደ ፓንዱ ዞረች። ይህ ቆሻሻ በሽታ ያመጣባታል፣ እጇን በሳሙና እንድትታጠብ ንገርልኝ አለችው። ቀጥላም ጣቷን ከእሱ ወደ እሷ እያመላለሰች ታውቃታለህ ወይ ብላ ጠየቀችው።

ፓንዱ ስድስቱን ፊት አየ። ኡሲን አየው፤ ኡሲ ከኋላ ቆሞ ከንፈሩን ነክሷል። የፊተኛዋ ሞተር ቁልፍ ገና በፓንዱ እጅ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእሱ ግን አላመለጠውም፣ አስቦ ነው።

ራሱን ነቀነቀ። አላውቃትም፣ የመንደሩ ሴት ናት አለ።

ራስ መነቅነቅ ደግሞ አስተርጓሚ አይፈልግም። ቢ ሚዛ ቀና አለች። ከሴትዮዋ የተላከውን መልእክት ጠብቃ፣ ፓንዱ እየተንተባተበ ታጠቢ እንደተባለች ሲነግራት፣ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ መለሰችለት።

«አንተን ያጠብኩህ በዚሁ እጅ ነው፤ እንደዚያ ብለህ ንገራት።»

ሴትዮዋ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችው።

«ሳንክ ዩ ትላለች» አለ ፓንዱ።

ምን ዓይነት ሰው ነው! ሳንክ ዩ የምትባለውን የምስጋና ቃል እኮ በመንደራችን ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቃታል፤ በየቀኑ እየሰማናት ነው የምንውለው። ቢ ጆኻ፣ የቢ ሚዛ የልጅነት ጓደኛ፣ «ሱብሃነላህ» ብላ ፊቷን አዞረች። ሌሎቹ አቀረቀሩ። ቢ ሚዛ ልጇን ትንሽ አየችው። ከዚያ ወደ እንግዳዋ ዞረችና ጥርት አድርጋ «ሳንክ ዩ» አለቻት፤ ጎንበስ ብላም ለቀማዋን ቀጠለች። ልጇን ውሸታም አላስባለችውም።

ግቢ ሲመለሱ እንግዶቹን በቧንቧ ሁለት ጊዜ አጠቧቸው። ሳልሚን ጉድ ፈላ ብሎ ሲጠብቅ፣ ወዲያው በስልካቸው ላይ የደሴቱ እውነተኛ ጭቃ እዚህ ነው፣ ይገማል ግን አይረሳም ብለው ጻፉለት። ሳልሚን በሳቅ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። የፓንዱን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ከነገ ጀምሮ መንገዱ በዚያ እንዲሆን አዘዘ፤ ሹሙን እኔ አነጋግረዋለሁ አለ። ፓንዱ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ወጣ። ሸሚዙ ላይ አንዲት ጥቁር ጠብታ አርፋ ነበር፤ ሽቶውን ሁሉ ደፋባት፣ ሽታው ግን ባሰ።

አስር ሰላት፣ የከሰዓት በኋላው ጸሎት፣ እንዳበቃ ወደ እናቱ ቤት ወረደ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሁልጊዜ ዘው ብሎ የሚገባበት ቤት ነበር፤ ዛሬ ግን ደጅ ቆሞ «እማዬ» ብሎ ተጣራ። ቢ ሚዛ ወጣች። እጇን አልታጠበችም፣ ፀጉሯ ላይም አበባ የለም። ደጃፉ ላይ ካለው፣ ባዕድ ሰው ከሚቀመጥበት የድንጋይ መደብ ላይ ምንጣፍ ዘረጋችለት።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ አረፍ በል» አለችው።

የዝንጅብል ሻይና የተቀቀለ ካሳቫ አቀረበችለት። ለሩቅ ሰው እንደሚደረገው እሷ ቆማ፣ እሱ ተቀምጦ። በመንገዱ የሚያልፉት ሰላም ብለው ያልፋሉ። ይቅርታ ሊላት አስቦ የመጣ ሰው ነው። ሻዩን ፉት አለ፣ ግማቱ ከሻዩ ጋር ገባ። ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት እሷ ቀደመችው፤ እንግዳ ሲመጣ የሚጠየቀውን ሁሉ በተራ ጠየቀችው። መንገዱ እንዴት ነበር? ሥራስ? ልጆችስ? ደህና፣ ደህና፣ ደህና አለ።

«እናትህስ፣ ደህና ናት?»

ፓንዱ ብርጭቆውን እንደያዘ አያት። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ እንግዳ የምታስተናግድ ሴት ፊት ነው።

«ደህና ናት» አለ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ቢ ሚዛ። «ሰላም በልልኝ።»

ብርጭቆውን ተቀብላው ወደ ቤት ገባች።